የአራት ዓመት ልጅ የት ይዋል?

ጥር 2018 ዓ.ም
ልደታ፣ አዲስ አበባ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በክፍለ ከተማችን ለሚኖር ለእያንዳንዱ የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ በመንግሥት ወጪ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቦታ እንዲረጋገጥ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህ ደብዳቤ የወጪ ቁጥርም ማኅተምም የለውም። ጸሐፊው ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። አሽጌ መዝገብ ቤት ላስገባው እችል ነበር። በአደባባይ ያደረግኩት ጉዳዩ ከእናንተ አልፎ በጀት የሚያጸድቀውን የከተማ ምክር ቤት፣ ጤና ቢሮን፣ የወረዳ አስተዳደሮችን፣ ከሁሉም በላይ ልጁን ጎረቤት ላይ ጥሎ ለሥራ የሚወጣውን ወላጅ ስለሚነካ ነው።

የምጠይቀውን አስቀድሜ ልናገር። ሕፃን ሲወለድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ዞራ ትመዘግበዋለች፤ የክትባት ቀን ካለፈው ፈልጋ ታስከትበዋለች። ያው ልጅ አራት ዓመት ሲሞላው ግን ፈላጊ የለውም። ትምህርት ቤቱ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል፤ የመጣውን ይመዘግባል፤ ሲሞላ ይዘጋል። ያልመጡት ስንት እንደሆኑ፣ ለምን እንደቀሩ፣ የት እንደሚውሉ ተጠያቂ የሚሆን አካል አላየሁም። ጥያቄዬ ይህ አሠራር እንዲገለበጥ ነው። አራት ዓመት የሞላው የወረዳው ልጅ ሁሉ በስሙ የተያዘ ወንበር ይኑረው፤ ወንበሩ ባዶ ከሆነ ሄዶ የሚፈልገው ሰው ይመደብ።

የተሠራውን አልክድም። በ2015 ዓ.ም የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርቱን እርከን ሁለት፣ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ዓመት ብሎ ሲያዋቅር ሁለቱን የቅድመ አንደኛ ዓመታት የሥርዓቱ መነሻ አድርጓቸዋል። በ1986ቱ ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናት በስም ተጠቅሶ እንጂ በተግባር ለግል ባለሀብት፣ ለቤተ እምነትና ለበጎ አድራጊ የተተወ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግቢ የቅድመ አንደኛ ክፍል አለ። ክፍያ የለውም፤ ልጁ ቁርስና ምሳ ይበላል፤ ዩኒፎርምና ደብተር ያገኛል። ምገባው ከመስፋፋቱ በፊት በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ዴስክ ላይ ተደፍቶ የሚያንቀላፋ ልጅ በየክፍሉ ነበረን። እኛ መምህራንም አንዳንዴ ሰነፍ እያልን እንቆጣው ነበር። ከምገባው በኋላ ያ ልጅ ከክፍላችን ጠፋ። ከተማው «ቀዳማይ ልጅነት» ብሎ የጀመረው ፕሮግራምም አዲስ አበባን ልጅ ለማሳደግ ምቹ ከተማ ማድረግን ዓላማው አድርጎ ተነሥቷል። ስለዚህ የምጽፈው ምንም አልተደረገም ለማለት ሳይሆን የተጀመረው ነገር ከማን ዘንድ እንዳልደረሰ ለማመልከት ነው።

ያልደረሰበትን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ በማለዳ ብትመጡ ጠበቆች ካባቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ሲሮጡ፣ ባለጉዳዮች ፋይላቸውን በፌስታል ይዘው ተራ ሲጠብቁ፣ ማመልከቻ ጸሐፊዎችና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሥራ ሲጀምሩ ታያላችሁ። ከአጥሩ ወዲህ ጀበና ቡና የምታፈላ አንዲት ወጣት እናት አለች። ከረከቦቷ ጎን የለስላሳ ሳጥን ተገልብጦ ተቀምጧል፤ ሳጥኑ ላይ ልጇ። ልጅቱ በቡናው ጭስ መሐል የለስላሳና የቢራ ቆርኪዎች በቀለም እየለየች ትደረድራለች፤ ቀዩን ለብቻ፣ ቢጫውን ለብቻ። ከዚያ ትቆጥራለች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት።» አራትን ትዘላለች። ዕድሜዋን ብጠይቃት አራት ጣት አሳየችኝ።

የአርባ ዓመት መምህር ቢሆን እንኳ ከዚህ የተሻለ የመግቢያ ትምህርት አያዘጋጅም። መለየት፣ መደርደር፣ መቁጠር፤ የቅድመ አንደኛ የሒሳብ ትምህርት ማለት ይኸው ነው። የጎደለው «አራትን ረሳሽው እኮ» የሚላት ሰው ነው።

«ትምህርት ቤት አላስገባሻትም እንዴ?» አልኳት እናቲቱን።

«ሞክሬ ነበር ጋሼ። መጀመሪያ የልደት ሰርተፍኬት አምጪ አሉኝ። እሱን ለማውጣት ስሄድ የነዋሪነት መታወቂያ የዚህ ወረዳ አይደለም አሉኝ፤ መታወቂያዬ የአገር ቤት ነው፣ እዚህ ተከራይ ነኝ። አከራዬን ለምኜ፣ ደጅ ጠንቼ ጨርሼ ስመለስ ሞልቷል አሉኝ።»

የግሉንስ?

«የአንድ ወሩ ክፍያ ከቤት ኪራዬ ይበልጣል።»

የትኛው ትምህርት ቤት፣ የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆነ መናገር አልፈልግም። መስኮቱ ጀርባ ያሉት ሠራተኞች ያደረጉት የታዘዙትን ነው። አሠራሩ ማስረጃ ያለውን ያስቀድማል፤ ማስረጃ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ችግሩ የቀለለለት ነው። ቋሚ አድራሻ ያለው፣ ምዝገባ የሚጀመርበትን ቀን የሚያውቅ፣ ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ የሚሰለፍ ወላጅ ይቀድማል። ጉሊት የምትቸረችር፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ልብስ እያጠበች የምታድር እናት መጨረሻ ላይ ትደርሳለች። ነፃ የተባለው ወንበር በዚህ መንገድ ከሁሉ አስቀድሞ ሊቀመጥበት የሚገባውን ልጅ ያልፈዋል።

ልደታ ደግሞ በአንድ ክፍለ ከተማ ስም ሁለት ዓይነት ኑሮ የሚኖርበት ነው። ሰንጋ ተራ ላይ የባንኮቹ ሕንፃዎችና የ40/60 ኮንዶሚኒየሞች ቆመዋል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በጌጃ ሰፈርና በአብነት በኩል የቀሩት የቀበሌ ቤቶች ውስጥ አንድ ክፍል በመጋረጃ ተከፍሎ ሁለት ቤተሰብ ይኖርበታል። ጎማ ቁጠባ፣ ባልቻ ሆስፒታል አካባቢ፣ ኮካ፤ በየሰፈሩ «ኬጂ» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት ግቢ አታጡም። የሰሌዳው ብዛት ግን ሊያታልለን አይገባም። ክረምት በመጣ ቁጥር የክፍያ ጭማሪ ስብሰባ የሚጠራው በነዚሁ ግቢዎች ነው፤ አምና የቻለው ወላጅ ዘንድሮ ልጁን ይዞ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት በር ይመጣል። ያኔ ቦታው የበለጠ ይጣበባል።

እኔ የዚህን ውጤት የማውቀው ከአንደኛ ክፍል ሰሌዳ ፊት ሆኜ ነው። መስከረም ላይ አዲሶቹ ልጆች ሲገቡ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ወገን ሆነው ይለዩልኛል። አንደኛው ወገን ቅድመ አንደኛን በወጉ የተማረ ነው፤ ተራ ይጠብቃል፣ መምህሩ ሲናገር ያዳምጣል፣ ስሙን ይጽፋል፣ ሽንት ቤት ሲፈልግ ይጠይቃል። ሁለተኛው የሰፈር ኬጂ ያለፈ ነው። «ኤ ፎር አፕል፣ ቢ ፎር ቦል» ብሎ አንድ ትንፋሽ ሳያቋርጥ ይወርድላችኋል፤ ሰሌዳው ላይ «በ»ን ብትጽፉለት ግን ዝም ይላል። ወላጁ ሁለት ዓመት ሙሉ የከፈለው ለዚህች ዜማ ነው። ሦስተኛው ምንም ያላየው ነው። እርሳስ ሲይዝ በጭብጡ ነው፤ ከመጫኑ የተነሣ ጫፉ ይሰበራል፤ ሲሰበር ያለቅሳል። ደብተሩን ገልብጦ ይዞ «ለ»ን እግሯን ወደ ሰማይ አድርጎ ይጽፋታል። አእምሮው ከሌሎቹ አይተናነስም። ሰፈር ውስጥ መልስ ቆጥሮ የሚመልስ፣ ታናሹን አዝሎ የሚላላክ ጮሌ ነው። ክፍል ውስጥ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «አላውቅም» ማለትን ይለማመዳል።

መምህሩ አንድ ነው፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ሦስቱን ወገን አንድ ላይ ማስተማር የሚቻል የሚመስለው ክፍል ውስጥ ላልቆመ ሰው ብቻ ነው። በመሐል ያሉትን ይዘን እንሄዳለን፤ ሦስተኛው ወገን ወደ ኋላ ወንበር ይሸሻል። ቀስ ብሎ ያልደረሰበትን ክፍል እያለፈ ይቀጥላል።

በ2002 ዓ.ም በበርካታ ክልሎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛው ያህል አንዲት ቃል ማንበብ ሳይችሉ ተገኝተዋል። የዓለም ባንክ በቅርብ ዓመታት ባወጣው ግምት ደግሞ ከአሥር ኢትዮጵያውያን የአሥር ዓመት ልጆች ዘጠኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ኩረጃው ሲታገድ ያሳየን ይኸንኑ ነው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ ነበሩ። አዲስ አበባ ከአገሩ አማካይ እንደምትሻል አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ውጤቱ በተነገረ ቁጥር ሁላችንም የምንወቅሰው የሁለተኛ ደረጃ መምህሩን፣ ተማሪውን፣ ስልኩን ነው። ለወደቁትም ሬሚዲያል አዘጋጅተን በዩኒቨርሲቲ ግቢ እያበላንና እያሳደርን እናስተምራለን። ለ18 ዓመቱ ወጣት የምናወጣውን በዓይነ ኅሊናችሁ ይዛችሁ ለአራት ዓመቱ ልጅ የምናወጣውን ተመልከቱ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት ለሌላው ሁሉ ስንተርት ለትምህርት ነፍገነዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ለሁሉም ይዳረስ የሚል ሁሉ የሚፈተንበት ጥያቄ አለ፦ በምን ዓይነት ክፍል? አገራችን በዚህ መስክ አንድ ጊዜ ሮጣ አይታዋለች። በ2002 ዓ.ም የቅድመ መደበኛ ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ በኋላ በየመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከአንደኛ ክፍል በፊት የሚገባበት «ኦ ክፍል» ተከፈተ፤ ትላልቆቹ ተማሪዎች የሰፈር ሕፃናትን የሚያስተምሩበት «ከልጅ ለልጅ» የሚባለውም ተጨመረ። በ2003 ዓ.ም ወደ 5 በመቶ ገደማ የነበረው የአገሪቱ ጥቅል ተሳትፎ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ ተባለ። በሪፖርት ሲነበብ ያስጨበጭባል። ብዙዎቹን ክፍሎች ገብቶ ያየ ግን ያውቃል፦ ለአንደኛ ክፍል የተሠራ ዴስክ፣ እግራቸው መሬት የማይነካ ልጆች፣ ጠመኔና ሰሌዳ፣ የሕፃናት ትምህርት ያልሠለጠነ መምህር፣ ከጧት እስከ ምሳ በኅብረት የሚደገም ሀሁ። መጫወቻ የለም፣ የሥዕል መጽሐፍ የለም፣ የተኛ ልጅ የሚጋደምበት ምንጣፍ የለም። የአንደኛ ክፍልን ችግር አንድ ዓመት ቀደም አድርጎ መጀመር ሆነ።

ውጭ አገርም ሁለቱም ዓይነት ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ አሜሪካ ሚቺጋን ውስጥ በፔሪ ትምህርት ቤት የተማሩትን ድሃ ሕፃናት እስከ ጉልምስናቸው ተከታትለው ያጠኑ ሰዎች አሉ። የኖቤል ተሸላሚው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጀምስ ሄክማን ለነዚያ ልጆች የወጣው ገንዘብ በዓመት ከ7 እስከ 10 በመቶ ትርፍ እንደመለሰ አስልቷል። ይህን ቁጥር ባለሥልጣናት ሁሉ በንግግራቸው ይወዱታል። የማይጠቅሱት የቴነሲን ነው። እዚያው አሜሪካ ቴነሲ ግዛት መንግሥት በሰፊው የከፈተውን የቅድመ መደበኛ ትምህርት የተማሩ ልጆች ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ካልተማሩት እኩዮቻቸው ዝቅ ያለ ውጤት እንዳመጡ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ፔሪ ጥቂት ልጆችን በብቁ መምህራን እጅ ያሳደገ፣ መምህራኑም ወላጆችን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ የሚያነጋግሩበት ነበር። ስለዚህ ልጅን አራት ግድግዳ መሐል ማስገባት በራሱ የሚያመጣው በረከት የለም። ይህን ሁሉ የጻፍኩት «ጥራቱ ሳይስተካከል አይስፋፋ» ለሚሉት ምክንያት ለማቀበል እንዳይመስልባችሁ። ያንን ክርክር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የሚያቀርቡት ልጆቻቸው ጥሩ ኬጂ የገቡላቸው ሰዎች ናቸው። መስፋፋቱና ጥራቱ በአንድ በጀት፣ በአንድ እቅድ ይምጡ ነው የምለው።

ይህን ስል አዲስ ነገር የምጠይቅ አድርጎ የሚያስብ ይኖራል። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብለው የሚያሳድጉ እናቶች አገር ነን፤ ለአራት ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል የሚሉ አዛውንቶች ዛሬም አሉ። ግን እኛ ራሳችን የት ነበር ፊደል የቆጠርነው? በእኔ ዕድሜ ያለ የልደታ ልጅ አብዛኛው አንደኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት የኔታ ዘንድ በገበታ ሀሁ ብሏል፤ ሙስሊሙ ጎረቤቴም ቁርአን ቤት ተምሯል። ሰፈሩ ለየኔታ እንደ አቅሙ ይከፍል ነበር፤ የድሃውም ልጅ አይመለስም ነበር። ዱላው ይቅር፤ ሰፈሩ ልጆቹን ሰብስቦ ማስተማሩ ግን የቆየ ልማዳችን ነው። ዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት በተቃራኒው ሲገባ ጀምሮ ለተመረጡ ልጆች ነበር፤ የትምህርት ታሪክ ጸሐፊዎች ጅማሬውን ድሬዳዋ ላይ ለባቡሩ ሥራ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች ከተከፈተው ጋር ያያይዙታል። ከአብዮቱ በኋላ ቀበሌዎች በየአካባቢያቸው መዋዕለ ሕፃናት ከፍተው ነበር፤ በ1973 ዓ.ም የሕፃናት ኮሚሽን ሲቋቋም ሥራው ባለቤት አገኘ። የዚያን ዘመን ብዙ ነገር ይመለስ የምል አይደለሁም፤ የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናቱ ግን ከደጃፍ የማይርቅና የድሃ አቅም የሚችለው ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ባለቤት አጣ፤ ቦታውን የግሉ ወሰደው።

ቦታ የለም ትሉኛላችሁ። ልደታ ጠባብ መሆኗን ተወልጄባታለሁና አውቃለሁ። መሬት የለም ማለት ግን ክፍል የለም ማለት አይደለም። በኮንዶሚኒየም ግቢዎች ውስጥ ነዋሪው «ኮሙናል» የሚለው የጋራ መገልገያ ቤት አለ፤ ለለቅሶና ለሠርግ የታሰበ ሆኖ ስንቱ ለመጋዘን እንደተከራየ ዞራችሁ ቁጠሩ። የወረዳ አዳራሾች ከስብሰባ ቀን በቀር ዝግ ናቸው። የመንግሥት ሕንፃዎች የምድር ቤት ወለል በኪራይ ሱቅ ሞልቷል። ለሁለትና ለሦስት ዓመት እንኳ እነዚህን አጽድቶ፣ ሽንት ቤት በልጅ ልክ ሠርቶ፣ በቅርቡ ካለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር አያይዞ መክፈት ይቻላል። ሌላም አለ። ልደታ ከብዙ ሰፈሮች ቀድማ መልሶ ማልማት የገባባት ናት፤ ነባሩ ሰው ወደ ከተማው ዳርቻ ኮንዶሚኒየሞች ሲሄድ ልጆቹም ከነትምህርታቸው ተነቅለዋል። አሁንም የኮሪደር ልማቱ ሲቀጥል ቤተሰብ በዓመቱ አጋማሽ ይነሣል። የሚነሣው ቤተሰብ ተለዋጭ ቤት ሲሰጠው የልጁ የቅድመ አንደኛ ቦታም አብሮ ይሰጠው፤ አዲስ የሚገነባ ሰፈር ፕላኑ ላይ የሕፃናት ግቢ ካልታየ አይጽደቅ። የመኪና ማቆሚያ የሌለው ሕንፃ ፈቃድ የማያገኝበት ከተማ ውስጥ ይህ የሚከብድ ደንብ አይደለም።

ሰዓቱንም ልብ በሉልኝ። ትምህርት ቤት የሚለቅበት ሰዓትና ጉሊት የሚደምቅበት ሰዓት አይገጥሙም። እናት አትክልቷን የምትሸጠው ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። በልማታዊ ሴፍቲኔት መንገድ የምትጠርገዋ ደግሞ ሳይነጋ ትወጣለች። ለመንግሥት ሠራተኛ እናት መሥሪያ ቤቷ የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጅ በ2010 ዓ.ም በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ተደንግጓል፤ በብዙ መሥሪያ ቤቶችም ተከፍቷል፤ ጥሩ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ አጥር ውጭ ለሚቸረችሩት ግን መሥሪያ ቤታቸው አስፋልቱ ነው። በየወረዳው ቢያንስ አንድ ግቢ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት የሚቆይ ይሁን። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ያለውን ጊዜ ረዳቶች ይያዙት፤ መምህራኑን በዚያ አትጫኗቸው።

ስለ መምህራኑ የምለው አጭር ነው፤ ግን ከሁሉ የሚብሰኝ ይኸው ነው። በትምህርት ቤቶቻችን ያልተጻፈ ሕግ አለ፦ ጎበዝ መምህር ወደ ላይኛው ክፍል ያድጋል፣ የታመመና የተቀጣ ወደ ታች ይወርዳል። ሕፃናቱ ዘንድ መመደብ እንደ ውርደት ይቆጠራል። ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ተቋም በከተማችን እያለ ለአራት ዓመት ልጅ «ሴት ናት፣ ልጅ ትችላለች» ተብሎ የምትመደብ መምህርት መኖር የለባትም። ሙያ ነውና በሙያነቱ ይከፈልበት፤ ደሞዙ፣ የዕድገት መሰላሉ፣ የቤት ዕጣው ከሌላው መምህር እኩል ይሁን። ለአንድ መምህርት አንድ ረዳት ይመደብላት። አንዲት ሴት ብቻዋን ሃምሳ ሕፃን ሽንት ቤት እያመላለሰች ልታስተምር አትችልም፤ ሞክሩትና እዩት።

ገንዘቡስ? ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2019 አገሮች ከትምህርት በጀታቸው ቢያንስ 10 በመቶውን ለቅድመ አንደኛ እንዲመድቡ መክሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ታሽኬንት ላይ የተሰበሰቡት አገሮችም ይህንኑ በመግለጫቸው አስፍረዋል። አፍሪካዊቷ ጋና እ.ኤ.አ. በ2007 የሁለት ዓመት መዋዕለ ሕፃናትን የነፃና የግዴታ መሠረታዊ ትምህርት አካል አድርጋዋለች። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዝዛል። የምገባው ወጥ ቤት ተሠርቷል፤ ምግብ አብሳይ እናቶች ተቀጥረዋል። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ከ2002 ዓ.ም ጀምሮ ቤት ለቤት ይሄዳል። ትልቁ ወጪ በከፊል ወጥቷል ማለት ነው። የቀረው ክፍል፣ መምህርና ልጁን የመፈለግ ኃላፊነት ነው።

ስለዚህ የ2019 ዓ.ም በጀት ከሐምሌ በፊት ሲዘጋጅ ከልደታ ብትጀምሩ ብዬ እማፀናለሁ። አሥር ወረዳዎች ናቸው፤ ለሙከራ የሚበዙ አይደሉም። ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በመዝገባቸው ላይ ያሉትን በመስከረም አራት ዓመት የሚሞላቸውን ልጆች ስም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያስተላልፉ። የክትባት ካርድ ለምዝገባ በቂ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠር፤ የልደት ሰርተፍኬቱን ልጁ እየተማረ መንግሥት ራሱ ያውጣለት። ተከራይ ነሽ፣ መታወቂያሽ የሌላ ወረዳ ነው ተብሎ የሚመለስ ልጅ አይኑር። ወንበር ከጎደለ የጎደለው በቁጥር ይታወቅ፤ ተጨማሪ ክፍል የሚከፈተውም በዚያ ቁጥር ይሁን። ቅድሚያ የሚሰጠው ቀድሞ ለተሰለፈው ሳይሆን የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ለሆነው፣ በአንድ ወላጅ ለሚያድገው፣ አካል ጉዳት ላለበት ልጅ ይሁን።

ለዚህ ደብዳቤ በደብዳቤ እንድትመልሱልኝ አልጠይቅም። በእያንዳንዱ ወረዳ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን እንዲለጠፉ አድርጉልን፦ በወረዳው ያሉ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ብዛት፣ እና ለነሱ የተዘጋጀው የመንግሥት ወንበር ብዛት። ከሰኔ መጨረሻ በፊት ቢለጠፍ ምዝገባ ሳይጀመር ወላጆች እናነበዋለን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የልደታ ጡረተኛ መምህር

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ
ለልደታ ክፍለ ከተማ አስተዳደር
ለልደታ ወላጆች በሙሉ